ስለ ዕንቁና ስለ ኦይስተር እርባታ የጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ኦይስተርን፣ መስልንና ሌሎች ዛጎል ለበስ እንስሳትን ስለማርባት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ኦይስተርና መስል ገላቸው በሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ ያለ የውሃ እንስሳት ናቸው። ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ጥያቄው ግን ጎረፈ። ግማሹ ስለ ዕንቁ ነው፣ አይገርምም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት የነገሩን ዕንቁ የሚፈጠረው አሸዋ ኦይስተር ውስጥ ሲገባ ነው ብለው ነው። ታዲያ አርቢዎቹ አሸዋ እየጨመሩ ነው የሚያመርቱት? እንደዛ ቀላል ከሆነ ዕንቁ ለምን ተወደደ?

መልስ፦ አሸዋውን እርሳው። ኦይስተር ኑሮዋ ውሃ ውስጥ ነው፤ አሸዋና ጭቃ ሲገባባት ይውላል፣ ሲገባባት ያድራል። ጠራርጋ መትፋቱን ታውቅበታለች። በአሸዋ ቢሆን ኖሮ የባሕሩ ወለል ዕንቁ በዕንቁ በሆነ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛጎሉ ሥር ገላዋን የሚሸፍን ስስ ሥጋ አለ፤ ማንትል ይባላል። ዛጎሉን የሚሠራው እሱ ነው። አንድ ጥገኛ ትል ሰርስሮ ሲገባ ወይም ማንትሉ ሲቆስል፣ ከዚህ ስስ ሥጋ ላይ ጥቂት ሕዋሳት ተገፍተው ወደ ገላዋ ውስጥ ይገባሉ። እዚያም ሆነው የለመዱትን ሥራ አይተዉም። ተባዝተው ትንሽ ከረጢት ይሠራሉ፤ በከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ናከር የሚባለውን አብረቅራቂ ነገር፣ ያው የዛጎሉን የውስጥ ግድግዳ የሚያስጌጠውን፣ እየደራረቡ ይለብጣሉ። ዕንቁ ማለት ቦታውን ስቶ የተሠራ ዛጎል ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በታች ነው፤ ብርሃን በእነዚህ ንጣፎች መሃል እየተንጸባረቀ ሲመለስ ነው ያ ከውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ፍካት የሚታየን።

አርቢው የሚያደርገው ይህንኑ አደጋ ሆን ብሎ ማድረስ ነው። ሥራው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ያውም የእጅ ቅልጥፍና የሚጠይቅ። መጀመሪያ አንዷ ኦይስተር ትሠዋና ማንትሏ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከእሱ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የምታክል አራት ማዕዘን ቁራጭ ይከተፋል። ሁለተኛዋ ኦይስተር አፏን ስትከፍት በመካከል ሽብልቅ ይገባባታል። ከፍቶ ከያዘ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም፤ በዚያች ክፍተት ነው ሁሉም ነገር የሚሠራው። ባለሙያው በቀጭን ምላጭ ከእግሯ ሥር በስቶ እስከ መራቢያ አካሏ ድረስ ትንሽ መንገድ ያበጃል፤ ክብ ዶቃ ያስገባል፤ ያቺን ቁራጭ ከዶቃው ጋር አጣብቆ ያስቀምጣል። ቁራጯ በትክክለኛው ፊቷ ዶቃውን መንካት አለባት። ከተገለበጠች ወይም ከዶቃው ከራቀች ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

ዶቃው ራሱ ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ? ከሌላ ዛጎል። ለረጅም ዘመን ምርጥ የሚባለው ከአሜሪካው ሚሲሲፒ ወንዝና ከገባሮቹ የሚወጣ ወፍራም የመስል ዛጎል ተቆርጦና ተሞርዶ የሚሠራው ነው። የጃፓን ባሕር ዕንቁ ተሰንጥቆ ቢታይ ልቡ የአሜሪካ ወንዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። አንዳንዷ ቁስሉ ሳይሽርላት ትሞታለች፤ ሌላዋ ዶቃውን ትተፋዋለች። የተረፉት በመረብ ተደርገው ባሕር ውስጥ ይንጠለጠላሉ። በየጊዜው እየወጡ ዛጎላቸው ላይ የተለጠፈው አረምና ተባይ ይፋቃል፣ ካልሆነ ምግባቸውን ይሻማቸዋል። አኮያ የምትባለው ትንሿ የጃፓን ኦይስተር ከ10 ወር እስከ ሁለት ዓመት፣ ትልልቆቹ የደቡብ ባሕር ኦይስተሮች ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ከሚወጣው ውስጥ ክብ፣ ንጹሕና ደማቁ ጥቂቱ ነው። ለምን ተወደደ ላልከው መልሱ ይኸው።

ፈጠራው የማን ነው ብላችሁ ለጠየቃችሁም እግረ መንገዴን ልመልስ። ቻይናውያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ትንንሽ የቡድሃ ምስሎችን በወንዝ መስል ዛጎልና ሥጋ መካከል እያስገቡ በናከር ያስለብጡ ነበር። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 ግማሽ ክብ ዕንቁ አገኘ። ሙሉ ክብ የሚያወጣውን ዘዴ ግን ሚሴና ኒሺካዋ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ደርሰውበት በ1907 ገደማ የባለቤትነት መብት ጠይቀውበታል። ሚኪሞቶ ስሙ የገነነው ሥራውን ወደ ትልቅ ኢንዱስትሪና ወደ ዓለም ገበያ ስላሻገረው ነው። በንግድ ዓለም ጭብጨባው ብዙ ጊዜ ለሻጩ ነው።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ የዕንቁ ሐብል ሰጠኝ። ጓደኛዬ "የእርባታ ነው፣ እውነተኛ አይደለም" ብላ ቆሽቴን አሳረረችው። እውነት አርቲፊሻል ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ሁለት ነገር ነው ያደባለቀችው። የእርባታ ዕንቁ እውነተኛ ዕንቁ ነው። የሠራው እንስሳው ነው፣ ሰው የገፋው ነገሩን ለማስጀመር ብቻ ነው። አርቲፊሻል የሚባለው ከመስታወት ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ የሚያብረቀርቅ ቅብ የተቀባው ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው እውነተኛ ዕንቁ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእርባታ ነው፤ ከባሕር በጠላቂ የሚወጣው የዱር ዕንቁ በጨረታ ቤትና በሙዚየም የሚታይ ነገር ሆኗል። ጓደኛሽ ያነሳችው ክርክር ራሱ አሮጌ ነው። በ1920ዎቹ የጃፓን ክብ ዕንቁ አውሮፓ ሲደርስ ነጋዴዎች ልክ እንደሷ "ሐሰተኛ ነው" ብለው ጮኸው ነበር። አላዋጣቸውም። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በዕንቁ ጠለቃ ይተዳደሩ የነበሩ ከተሞች በ1930ዎቹ ሥራቸው የተንኮታኮተው በአንድ በኩል በዚሁ የእርባታ ዕንቁ፣ በሌላ በኩል በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ነው።

መስታወት ወይስ ዕንቁ የሚለውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የፊት ጥርስሽ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገሽ አሺው። ዕንቁ ከሆነ ደቃቅ አሸዋ እንዳለው ሸከር ሸከር ይላል፤ መስታወትና ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳም በማጉያ መነጽር እዪው። አርቲፊሻል ከሆነ ቅቡ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲላላጥ ታያለሽ። የዱር ነው ወይስ የእርባታ የሚለው ግን በዓይን አይለይም፤ ቤተ ሙከራ ገብቶ በኤክስሬይ ውስጡ መታየት አለበት። በእሳት መሞከር የሚባለውን ነገር እንዳታደርጊው፣ የምታበላሺው እውነተኛውን ነው።

አያያዙን አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን እነግርሻለሁ። ዕንቁ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ይበላዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ላብ፣ ሽቶ፣ የፀጉር ስፕሬይ ሁሉ ጠላቱ ነው። ተኳኩለሽ፣ ሽቶሽን ተቀብተሽ ከጨረስሽ በኋላ አድርጊው፤ ስትገቢ ደግሞ ከሁሉ ቀድመሽ አውልቂው። በለስላሳ ጨርቅ ጠርጊና ከሌላ ጌጥ ለይተሽ አስቀምጪው፣ ወርቅና አልማዝ ይፍቀዋል። እጮኛሽን ምንም አትበዪው።

ጥያቄ፦ ዕንቁው ሲወጣ ኦይስተሯ ትሞታለች?

መልስ፦ እንደ ዓይነቷ ነው። አኮያ አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። ትልልቆቹ፣ የታሂቲ ጥቁር ዕንቁ የምትሰጠውና የደቡብ ባሕር ዕንቁ የምትሰጠው፣ ጥሩ ዕንቁ ካወጡና ጤነኛ ከሆኑ በወጣው ቦታ ሌላ ዶቃ ይገባላቸዋል። ከረጢቱ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ሁለተኛ ማንትል እንኳ አያስፈልግም። የሞተችውም አትጣልም፣ ጡንቻዋ ይበላል፣ ዛጎሏ ለቁልፍና ለጌጣጌጥ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ የዶሮ እርባታ ላይ ነኝ። የመኖ ወጪ ወገቤን ቆርጦታል። ኦይስተርና መስል ምን ይበላሉ? መኖው ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቅናባቸው፤ መኖ የሚባል ነገር የለም። ከዚህ እርባታ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። ኦይስተር፣ መስል፣ እንዲሁም ዘመዶቻቸው ክላምና ስካሎፕ ውሃውን በአንድ በኩል ስበው በሌላ በኩል ይለቁታል፤ በመካከል በዓይን የማይታየውን አልጌ የሚባል ደቃቅ የውሃ ዕፅ አጣርተው ይበላሉ። አንዲት ያደገች ኦይስተር ሁኔታው ሲመቻት በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ታጣራለች ይባላል። መኖ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ፍግ የለም። በአካባቢ ተቆርቋሪዎች ዘንድ ተወዳጅ የሆነውም ለዚህ ነው።

ግን ቆይ። ዶሮህን ውሃው ቆሸሸ ብለህ ወደ ሌላ ቧንቧ ትወስዳታለህ። ኦይስተር ግን ውሃውን ትጠጣዋለች፣ ትበላዋለች፣ ትተነፍሰዋለች። በውሃው ውስጥ ያለ ፍሳሽ፣ ጀርም፣ መርዝ፣ ከባድ ብረት ሁሉ ገላዋ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ አርቢው የሚያረባው እንስሳ ብቻ ነው ብለህ አታስብ፤ ውሃውንም ነው። ውሃውን የሚያበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ወንዙ ላይ ያለው ከተማ፣ ማዳበሪያ የሚበትነው ገበሬ፣ ቆሻሻ የሚለቀው ፋብሪካ። የጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ በአንድ ወቅት ስሙ ለወንዝና ለሐይቅ ዕንቁ ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን የታወቀ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ውሃውን ሲበክለው ምርቱ አሽቆለቆለ። አንዳንዴ ጥፋቱ የራስ ነው። ሚኪሞቶ ሥራውን ባስፋፋበት በጃፓኑ አጎ የባሕር ወሽመጥ ኦይስተሮቹ የሚንጠለጠሉበት ተንሳፋፊ መድረክ እርስ በርስ እስኪነካካ ተጨናነቀ፤ የኦይስተሮቹ ኩስ ራሱ ከሥር ተከምሮ ውሃውን አየር አሳጣው።

ለነገሩ ሁሉም አጣሪ አይደለም። አባሎን የሚባለው ጆሮ የሚመስል ዛጎል ያለው ቀንድ አውጣ የባሕር ሣር በላተኛ ነው፤ ቻይናና ኮሪያ ውስጥ ለእሱ ብቻ ተብሎ የባሕር ሣር ይለማለታል። እሱ ጋ የመኖ ሒሳብ አለልህ።

ጥያቄ፦ ዘሩ ከየት ይመጣል? እንቁላል ይጥላሉ? ተፈልፍለው ነው?

መልስ፦ ወንዱ ዘሩን፣ ሴቷ እንቁላሏን ወደ ውሃው ትለቃለች፤ የተቀረው የውሃው ጉዳይ ነው። አንዲት ኦይስተር በአንድ ጊዜ ሚሊዮኖችን ትጥላለች። እጮቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ከዚያ እግር ያወጣሉ፣ ዓይን የምትመስል ጥቁር ነጥብም ትወጣባቸዋለች። በዚች እግራቸው እየዳበሱ ቦታ ያማርጣሉ። ደስ ያላቸውን ሲያገኙ ሙጫ አፍስሰው ይለጠፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ንቅንቅ የለም። በጣም የሚወዱት ደግሞ የሌላ ኦይስተር ዛጎል ላይ መለጠፍ ነው። ስለዚህ አርቢው አሮጌ ዛጎል፣ ሸክላ ወይም ፕላስቲክ በትክክለኛው ሳምንት ውሃ ውስጥ ያስቀምጥና እጮቹ መጥተው እስኪለጠፉለት ይጠብቃል። ሳምንቱ ካመለጠው ዛጎሉን አረም ይቀድመዋል።

መስል ይቀላል። በፀጉር መሰል ክር ራሱን ከገመድ ጋር ያስራል። የስፔኗ ጋሊሺያ ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ተንሳፋፊ መድረኮች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ላይ እስከ 12 ሜትር የሚረዝሙ ገመዶች ወደ ታች ተንጠልጥለው መስል ተዥጎርጉሮባቸዋል። ፈረንሳዮች ደግሞ በባሕር ዳር በተተከለ እንጨት ላይ ነው የሚያሳድጉት። ያን ዘዴ ያመጣው በ1235 መርከቡ የተሰበረበት ዋልተን የተባለ አየርላንዳዊ ነው ይላሉ፤ ወፍ ለማጥመድ እንጨት ተክሎ መረብ ዘረጋ፣ ወፏን ትቶ እንጨቱ ላይ የበቀለውን መስል መብላት ጀመረ። እውነት ይሁን ተረት አላህ ይወቀው፤ ታሪኩ ግን ያምራል።

አሁን አሁን ብዙው የኦይስተር ዘር የሚመጣው ከመፈልፈያ ጣቢያ ነው። እዚያ አልጌው በጋን ይበቅላል፣ እጩ በገንዳ ይቀለባል። ይህም ከውሃው ጣጣ አያድንም። በ2007 እና በ2008 በአሜሪካዋ ኦሪገን ትልቅ የኦይስተር መፈልፈያ ጣቢያ ውስጥ እጮቹ በሚሊዮንና በቢሊዮን እያለቁ አስቸገሩ። መጀመሪያ በሽታ ነው ተባለ። ኋላ ሲጣራ ከጥልቅ ባሕር የሚወጣው ውሃ አሲዳማነቱ ጨምሮ ነው። እጩ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዛጎሏን መሥራት አለባት፤ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ይህ ከአቅሟ በላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ውሃውን በየሰዓቱ እየለካ፣ አሲዱን የሚያበርድ ሶዳ አሽ እየጨመረ ነው የሚሠራው። ባሕሩ አሲዳማ እየሆነ የመጣው ከሰማይ በሚጠጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያንን ደግሞ ሶዳ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ኦይስተር በሙቀት ወራት አይበላም ይላሉ። እኔ ለጉብኝት የሄድኩበት አገር በሐምሌ፣ በእነሱ የሙቀት ወር፣ ሲበሉ አየሁ። ማንን ልመን? ጥሬውንስ መብላት አደጋ የለውም?

መልስ፦ የድሮው ሕግ ሁለት ምክንያት ነበረው። በሙቀት ወራት ኦይስተር ትራባለች። ገላዋ ሙሉ በሙሉ እንቁላልና ዘር ይሆናል፤ ከጣለች በኋላ ደግሞ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ይመስል ትልፈሰፈሳለች። ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ አርቢዎቹ መላ አግኝተውለታል። በተለመደው ሁለት ፈንታ ሦስት ስብስብ ክሮሞሶም (የዘር ባሕርይ ተሸካሚ) ያላት ኦይስተር ያመርታሉ። መካን ማለት ይቻላል፤ ጉልበቷን ለመራቢያ አታባክንም፣ ዓመቱን ሙሉ ወፍራም ናት። በሐምሌ ሲበሉ ያየሃት እሷ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ምክንያት ቀልድ የለበትም። ውሃ ሲሞቅ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ጤነኛውን ሰው ብዙ ጊዜ በተቅማጥ ይለቀዋል፤ የጉበት ሕመም ያለበትን ወይም የበሽታ መከላከያው የደከመበትን ሰው ግን በአንድ ሁለት ቀን ሊገድለው ይችላል። በብርድ ወራት ደግሞ ኖሮቫይረስ የሚባል ቫይረስ አለ፤ ይሄኛው የሚመጣው ከሰው ሰገራ ነው። ሁለቱም በደንብ ሲበስሉ ይሞታሉ። ስለዚህ ጉበትህ የታመመ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ወይም ለሕፃንና ለሽማግሌ የምታቀርቡ ከሆነ፣ ጥሬ ኦይስተር አይሞከርም። ሎሚ ጨመቅኩበት፣ አልኮል ጠጣሁበት የሚባለው ራስን ማታለል ነው። ሎሚ ጀርም አይገድልም።

ከሁሉ የከፋው ግን እሳትም የማይፈታው ነው። አንዳንድ የአልጌ ዓይነቶች በድንገት ይራቡና ውሃውን አንዳንዴ ቀይ ያደርጉታል። አልጌው መርዝ አለው። ዛጎል ለበሱ ምንም ሳይሆን ይበላዋል፣ መርዙን ሥጋው ውስጥ ያከማቻል። ብትቀቅለው፣ ብትጠብሰው፣ ብታቀዘቅዘው መርዙ ያው ነው። ሳክሲቶክሲን የሚባለው ከበላህ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከንፈርህንና ጣቶችህን ያደነዝዛል፤ ከበዛ መተንፈሻ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል። ሌላው በ1987 ካናዳ ውስጥ ታይቷል። በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የረባ መስል የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ጥቂቶቹ ሞቱ፣ ከተረፉትም አዲስ ነገር ማስታወስ የተሳናቸው ነበሩ። መንስኤው ዶሞይክ አሲድ የተባለ የአልጌ መርዝ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው መርዝ ሽታም፣ ጣዕምም፣ መልክም የለውም። በላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚታወቀው። ለዚህ ነው ሥራው በሕግ በሚመራባቸው አገሮች ባለሥልጣን ውሃውንና ሥጋውን እየመረመረ አካባቢውን የሚዘጋውና የሚከፍተው፤ ብዙ ቦታም የተለቀመው ኦይስተር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ንጹሕ ውሃ በሚዘዋወርበት ገንዳ ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ ሆዱን ያጸዳል። ገንዳው ግን ባክቴሪያን እንጂ የአልጌ መርዝን ቶሎ አያወጣም፤ ቫይረስም ላይ ደካማ ነው።

ስትገዛ ዛጎሉ ግጥም ያለ ይሁን። ከፈት ያለ ካለ አንኳኳው፤ ካልዘጋ ሞቷል፣ ጣለው። ከባሕር ዳር ራስህ ለቅመህ መብላት ደግሞ፣ አካባቢው ክፍት መሆኑን ሳታጣራ፣ ድፍረት ሳይሆን እብደት ነው።

ጥያቄ፦ ኦክቶፐስም፣ ባለ ስምንት ክንዱ የባሕር እንስሳ፣ የዚሁ ዘመድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ለምን እንደ ኦይስተር አይረባም?

መልስ፦ ዘመድማ ነው፤ ሁለቱም ሞለስክ የሚባሉት ገላቸው ለስላሳ፣ አጥንት የሌላቸው እንስሳት ናቸው። ግን ኦይስተር አእምሮ የምንለው ነገር የላትም፣ ጥቂት የነርቭ ቋጠሮ ነው ያላት። ኦክቶፐስ የክዳን ጠመዝማዛ ይፈታል፣ መንገድ ያስታውሳል፣ ሰው ይለያል። በ2022 ብሪታንያ ስሜት አላቸው ብላ በሕግ ካወቀቻቸው እንስሳት አንዱ ነው።

የእርባታው ችግር ብዙ ነው። ሥጋ በል ነው፤ አንድ ኪሎ ለመጨመር በግምት ሦስት ኪሎ ምግብ ይፈልጋል፤ ያ ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ከባሕር የወጣ ነው። ብቸኛ ነው፤ ቢጨናነቅ እርስ በርስ ይበላላል። የተለመደው ዓይነት እጩ እንደ ሩዝ ፍሬ ደቃቃ ሆና በሕይወት ያለ ምግብ ብቻ ስለምትበላ ለዓመታት ተመራማሪዎችን አንገላታለች። ሴቷ አንድ ጊዜ እንቁላል ትጥላለች፣ ሳትበላ ትጠብቃለች፣ ሲፈለፈል ትሞታለች። ስፔን ውስጥ በትልቁ ለመጀመር ታቅዶ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። በአሜሪካ የዋሽንግተንና የካሊፎርኒያ ግዛቶች በ2024 ጭራሽ በሕግ ከልክለውታል። እኔን ከጠየቅከኝ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ያለ መኖ የሚያድግ፣ ውሃ የሚያጠራ እንስሳ እያለ፣ ዓሣ እየበላ ታንከር ውስጥ የሚያብድ እንስሳ ማርባት ምን ይሉታል።

ጥያቄ፦ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ፣ ጥሩ ኩሬ አለን። እኔና ባለቤቴ ዕንቁ የሚሰጥ መስል ብናረባስ ብለን እያሰብን ነው። ኢንተርኔት ላይ በጣም አትራፊ ነው ይላሉ። ይመክሩናል?

መልስ፦ እሺ፣ በመጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። የጨው አልባ ውሃ መስል ዶቃ አያስፈልገውም፤ ትንንሽ የማንትል ቁራጭ ብቻ ነው የሚገባለት፣ ያውም በአንድ መስል ውስጥ በደርዘን። ዛሬ በዓለም ገበያ ካለው ዕንቁ በብዛት የሚበልጠው የቻይና ጨው አልባ ውሃ ዕንቁ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ዋጋው የወረደውም ለዚያው ነው። በብዛት የምትወዳደሩት ከእነሱ ጋር መሆኑን አስቡ፤ ኢንተርኔት ላይ "አትራፊ ነው" የሚሏችሁ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያተርፉት ዕንቁ ሸጠው ሳይሆን ሥልጠና ሸጠው ነው።

ቀጥሎ ዘሩ። የጨው አልባ ውሃ መስል እጭ ዝም ብላ አትዋኝም። ዓሣ ክንፍ ወይም ስንጥብ ላይ ተጣብቃ ጥቂት ሳምንት ጥገኛ ሆና ካልኖረች አታድግም። ስለዚህ የምታረቡት መስል ብቻ አይደለም፣ የሚስማማው ዓሣም ያስፈልጋል። ያንን ትቶ ከውጭ መስል እናስመጣ ማለት ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ዜብራ መስል የምትባለው የጥፍር ያህል መስል መርከብ ለሚዛን በሚጭነው ውሃ ተሳፍራ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባችና በ1988 ታወቀች፤ ከዚያ በኋላ የውሃ ቧንቧ ደፈነች፣ የአገሩን መስል ላዩ ላይ እየበቀለች ጨረሰች፣ ዛሬም ድረስ አልተላቀቋትም። የውጭ ዝርያ ኩሬያችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ጎርፍ ቢመጣ የሚያመልጠው የእናንተ ንብረት አይደለም፣ የጎረቤት ሁሉ መከራ ነው። የአካባቢያችሁን ዝርያ የሚያውቅ የዓሣና የውሃ ሀብት ባለሙያ ሳታማክሩ፣ ፈቃድ ሳታገኙ አትጀምሩ።

ከዚያ ቀዶ ሕክምናው አለ፤ እጅ እስኪለምድ ብዙ መስል ይሞታል። ከዚያ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓመት ያለ ገቢ መጠበቅ አለ። ያለ ሌላ መተዳደሪያ አይሞከርም። ግን ኩሬው ዓሣ ካለው፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ካልጎደለ፣ ከላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ እርሻ ከሌለ፣ በመቶ መስል ጀምራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በዝናቡም በበጋውም። አሲዳማ ከሆነና ካልሲየም ካነሰው ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ዛጎል የሚሠራበት ነገር የለውማ።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ኦይስተር ስበላ ዕንቁ ቢያጋጥመኝ ሀብታም እሆናለሁ?

መልስ፦ አይመስለኝም። የሚበላው ኦይስተርና ዕንቁ የሚሰጠው ኦይስተር ቤተሰባቸው ይለያያል። የሚበላው ዛጎሉን ውስጡን በናከር አይለብጥም፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚገኘው ነገር ደብዛዛ፣ ጠጠር መሰል ነው፣ ለወሬ እንጂ ለገበያ አይሆንም። ከናከር ውጭ የሚወደዱ ዕንቁዎች አሉ፤ ከአንዳንድ ትልልቅ የባሕር ቀንድ አውጣዎች የሚገኙት ለምሳሌ በጣም ብርቅ ናቸው። እነሱ ግን ሰሃን ላይ አይመጡልህም። የሚመጣልህ ጠጠሩ ነው፤ ቀስ ብለህ አኝክ፣ ጥርስ ማስጠገን ከዕንቁው ይበልጣል።